ደሳለ ለካሜራ የሞተ ዕለት

ይሄን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብውል እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሥራ ያለው ሥራውን ትንሽ ያቆየውና ይስማኝ። የላሊበላው ባለባጃጅ የደሳለ ታሪክ ነው። እሱ ራሱ ሲያወራው እየሳቀ ይጀምርና መሀል ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን ከእሱም፣ አብረውት ከነበሩትም የሰማሁትን አገጣጥሜ እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ደሳለ ከኩልመስክ ወዲህ፣ ከመኪና መንገዱ ወጥቶ በእግር በሚኬድባት አንዲት ጎጥ ነው የተወለደው። ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ላሊበላ ገባ፤ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጠበ፣ ኋላ የሰው ባጃጅ መንዳት ያዘ። ሲበዛ ተጫዋች ነው። ነገር ከሰማ ሳይገባው አይተኛም፤ ፈረንጅ ከጫነ የካሜራውን ቁልፍ ሁሉ ሳያስነግር አያወርደውም። አገር ቤት ያለችው እናቱ ወለተ ሐና ብቻ ናት። ታላቅ ወንድሙ ምሥጋናው ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በረሃ ላይ ቀረ። የዚያን ጊዜ መርዶው ሲነገራት ወለተ ሐና ያለችበት ወደቀች። ወራት ተኝታ ከረመች። ጤና ጣቢያ ያያት ሰውዬ ደሳለን ለብቻው ጠራና፦

«ልቧ ተጎድቷል። ድንጋጤ እንዳይነካት። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከሰማች ግን እኔ አላውቅልህም» አለው።

ከሏን ያወለቀችው ገና በቅርቡ ነበር። ይሄን ያዙልኝ።

ዘመኑ እንግዲህ 2010 ነው። ኢሕአዴግ አለ፤ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲያወራ የሚታይበት ዓይን ሌላ ነው። በዚህ መሀል ምሥራቅ የምትባል ልጅ ካሜራና ላፕቶፕ ተሸክማ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት። ከመናኸሪያ የጫናት ደሳለ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይጭንም።

«ምንድነው ሥራሽ?»

«ኮምፒውተር አስተምራለሁ።»

«ለማን?»

«ለሰው አይደለም። ኮምፒውተሩን ራሱን ነው የማስተምረው። ሰዎች ተሰብስበው ምን እያደረጉ እንደሆነ አይቶ እንዲያውቅ።»

«ይሄማ ምን ልፋት አለው፣ ቀበሌያችን ድሮ ያውቃል!» አላት። ሳቀችና ወዲያው ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሰው ሰምቶ እንደሆነ።

በነጋታው አስፈቅዳ ሥራ ጀመረች፤ ደሳለም ባጃጁን አቁሞ እሷ ጋ ዋለ። ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችው። ባጃጅ ተራው ላይ የቆሙትን ሾፌሮች ቀርጻ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሰው የለም! ፊት የለ፣ ልብስ የለ። ነጥብ ብቻ፤ አንገት ላይ አንድ፣ ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ። ነጥቦቹን መስመር ያያይዛቸዋል፤ ሰውየው የጭራሮ ሰው ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

«ፊታቸውንስ?» አላት።

«አልፈልገውም። ኮምፒውተሩ ማን እንደሆኑ ማወቅ የለበትም፤ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የገና በዓል ሲደርስ ላሊበላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በድንጋዩ መሀል በተፈለፈለው ጠባብ መተላለፊያ ሰው በሰው ላይ ይሄዳል፤ ግፊያ የተነሳ እንደሆነ የወደቀ ይረገጣል። ምሥራቅ ያሰበችው፣ ከላይ የተሰቀለ ካሜራ ሰዉ እየተሳለመ ነው ወይስ እየተገፋ እየወደቀ ነው የሚለውን ለይቶ ቶሎ እንዲናገር ነው። ችግሩ ግን አንድ ሰው ጎንበስ ሲል ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል። እየሰገደ ይሁን፣ እያጨደ ይሁን፣ ተመትቶ እየወደቀ ይሁን ከአንዱ ሰውነት ብቻ አይለይም። በዙሪያው ያሉት እንዴት እንደቆሙ ማየት አለበት። ሁሉም በመደዳ ካጎነበሱ አጨዳ ነው፤ ሁሉም ወደ አንዱ ካዘነበሉ ሌላ ነገር ነው።

ደሳለ ይሄ ነገር አሳበደው። የሰፈሩን ሰው ሰብስቦ አመጣላት። ያለ እህል አጨዱ፣ ያለ በሬ ወቁ፣ ዘፈኑ፣ በዱላ የተደባደቡ መሰሉ። ኮምፒውተሩ አንዳንዱን ያውቃል፣ አንዳንዱን ይስታል፤ ድብድቡን ጭፈራ ነው ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ምሥራቅ፦

«ዛሬ ቀብር ነው የምፈልገው» አለች። «ለቅሶ ላይ ራሷን የጣለች ሴትና በግፊያ የወደቀች ሴት ይመሳሰሉበታል። እንዳያምታታ።»

ሳቁ ቆመ።

እትዬ ባንችይርጋ የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው፤ ለቅሶ ላይ እሳቸው ካልተነሱ ማንም አይነሳም። ነጠላቸውን ሰበሰቡና፦ «እኔ የለሁበትም። ሬሳ ሳይኖር አልቅሼ ኋላ የማንን ነፍስ ልከፍልበት ነው?» አሉ።

«እትዬ፣ ለትምህርት እኮ ነው» አላቸው ደሳለ።

«ትምህርቱን አንተ ተማረው።»

ብዙ ተለመኑ። የምሥራቅ ፊት ጭፍግግ ሲል ጊዜ አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ «ድምፅ አላወጣም፤ እጄን ብቻ ነው የማነሳ» ብለው ገቡ። ታፈረ፣ ማለት የቅሬው ዳኛ፣ የመረዳጃ ማኅበራቸው ኃላፊ፣ የቅሬውን ቃሬዛ አስመጣ። አሁን ማን ይተኛበት? ሁሉም ወደኋላ አለ። አንዱ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት ይላል፣ አንዱ ወገቤን ያመኛል ይላል።

«ወንድ ጠፋ እንዴ!» ብሎ ደሳለ ወጥቶ ተጋደመ። «ትንሽ ሞቼ ልነሳ።»

«ዝም በል አንተ፣ ሬሳ አይናገርም!» አለው ታፈረ፣ ጋቢውን እስከ ራሱ እየሸፈነው።

የቀረጹበት ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለኀዘን ገልብጠው ለብሰው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ይከተላሉ። ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ገበያተኛ የሚመለስበት መንገድ አለ። ሰው ከዚያ ሲያይ ፊት አይታየውም፤ አቋም ብቻ ነው የሚታየው።

ማዶ የነበሩት ገበያተኞች ቆሙ። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፦

«ማነው የሞተውውው?»

ምሥራቅ ካሜራው ላይ ናት፣ አልሰማችም። ታፈረ ነው የመለሰው። የታፈረ ቀልድ ታዲያ ጊዜና ቦታ አይመርጥም።

«ደሳለ ነዋ! ባለባጃጁ!»

ደሳለ ጋቢው ውስጥ በሳቅ ተንፈራፈረ፤ ቃሬዛው ተነቃነቀ። ተሸካሚዎቹ «ኧረ ሬሳው ሊያመልጥ ነው!» እያሉ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሳቅ ግን ሸለቆ አይሻገርም። ማዶ ያሉት ሸክማቸውን አወረዱ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ እጥፍ አለች፤ ሌሎቹ ከበቧት።

ምሥራቅ ይሄን ስታይ ካሜራውን ወደ ማዶ አዞረች። የቀረጸችውን ማታ ለኮምፒውተሩ ስትሰጠው የነደሳለን ቀብር ተጠራጠረው። ማዶ ያሉትን ግን ወዲያው «ለቅሶ» አለ፤ ቅንጣት አላመነታም። «አየኸው? ከዚያ ርቀት አወቀው እኮ!» ብላ በደስታ አጨበጨበች፤ ደሳለም አብሯት አጨበጨበ። የሚያለቅሱት እነማን እንደሆኑ ግን ሁለቱም አልጠየቁም።

ወጥቶ ባጃጁን ሊያስነሳ ሲል ሰጠኝ መጣ። ሰጠኝ ገበያተኛ የሚያመላልስ አይሱዙ ይነዳል። የፊት ጎማው ፈንድቶ እየተንፏቀቀ ነበር የገባው። ደሳለን ሲያይ ከጋቢናው ግማሽ ወርዶ ቀረ።

«በስመ አብ! ማርያምን፣ ደሳለ ነህ?»

«ምን ነካህ አንተ?»

«ያገርህን ሰዎች አውርጃቸው መመለሴ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱ ነው የሄዱት። ደሳለ ሞተ፣ ቃሬዛውን በዓይናችን አየን፣ ስሙንም ጠርተው ነገሩን ሲሉ ነበር።»

ደሳለ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለካ ማዶ የነበሩት የጎጡ ሰዎች ናቸው!

«እናቴስ?»

«ለሷ መቼ እንንገራት ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እንደወጉ ሊነጋጋ ሲል ነዋ፤ ማታ መርዶ አይነገር።»

ጎጧ ውስጥ ስልክ ያላቸው አባ ወልደ ኪዳን ብቻ ናቸው፣ የእናቱ የነፍስ አባት። ደወለ። የቴሌዋ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» ትለዋለች። ደገመ፤ ያንኑ ትለዋለች። ሰጠኝ ጎማውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ደሳለ ባጃጁን አስነስቶ ወጣ፤ ለምሥራቅ እንኳ አልነገራትም።

ሲሄድ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ አባ ያቺን በር ሳያንኳኩ ልድረስ። ባጃጅ ለዚያ አገር ዳገት አልተሠራም፤ እሱ ግን በጥርሱም ቢሆን ሊጎትተው ፈልጎ ነበር። አንዱ አቀበት ላይ ሞተሩ ጨሰ፣ አንገቱን ደፋ፣ ዝም አለ። ደሳለ ገፋው፣ ለመነው፣ ሰደበው። በመጨረሻ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎለት በእግሩ ሄደ። መኪና የለም፣ ሰው የለም። ሌሊቱ በእርምጃ አለቀ።

ሰማዩ ሲገረጣ የጎጧ ተረተር ላይ ደረሰ። ከታች የእናቱ ቤት ይታያል። ግቢው ውስጥ ሰው አለ።

ያን ጊዜ ድምፅ አልሰማም። ሰውነታቸው ነው የነገረው። ወንዶቹ ከግድግዳው ሥር ጋቢ ተከናንበው ቁጢጥ ብለዋል። ሁለት ሴቶች በሩ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ስትወድቅ ሊይዟት። አንድ ሰው ዱላውን ተደግፎ ደፍ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ አባ ናቸው። ገና አልተናገሩም!

«አባ! አባ! ቆዩ!»

ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ድምፁን መለሰበት። ቁልቁል ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ቀና ሲል ጎንበስ ያሉት ሰውዬ ቀና ብለዋል። የሴቶቹ እጆች ወደ ራሳቸው ወጡ። የተቀመጡት ወንዶች አንድ ላይ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የደረሰው፤ የእናቱ ጩኸት።

የበረቱ ካብ ጋ ሲደርስ ወርቅአገኘሁ አየው። ጎረቤታቸው ነው፣ እንደ ዋርካ የተተከለ ሰው። መጀመሪያ አማተበ። ሁለተኛ አማተበ። ከዚያ ዘሎ አነቀውና ከካቡ ሥር ጣለው።

«ልቀቀኝ! እናቴ ጋ ልግባ!»

«አትገባም! ልትገድላት ነው?»

«ሞተ ያላችሁ እናንተ፣ ገዳይ እኔ?»

«ሞተ የተባለ ሰው ዘው ሲልባት ያ ልቧ ይችላል? ዝም በል፣ ድምፅህን እንዳትሰማ!» አፉን በመዳፉ ከደነው። ከዚያ ጆሮው ሥር፣ «ግን አንተ... ነህ አይደል?» አለው። መዳፉ ውስጥ ደሳለ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እጁን ግን አላነሳም።

ደሳለ እዚያ ተኝቶ የራሱን ለቅሶ ሰማ። ቅዳሜ እንደነበረው አይደለም። እናቱ ናት የምታወርደው፦

«ሁለት ወልጄ ነበር አንዱ እንዲቀብረኝ፣
ተራዬን ተሻምተው ሁለቱም ቀደሙኝ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደግማ ጀመረች፤ «ሁለት ወልጄ ነበር» አለችና ድምፁ መሀሉ ላይ ተቆረጠ። አንዲት ሴት «ውሃ! ኧረ ውሃ!» አለች። የሚሮጥ እግር ተሰማ። ደሳለ ወርቅአገኘሁን ነከሰው። ሰውየው አልለቀቀም፤ ጭራሽ ተቀመጠበት። አንድ ሰው ሄዶ ለአባ ሹክ ብሏቸው ኖሮ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ደሳለን ባዩት ጊዜ ካቡን ያዙ።

«ነፍሷ አለች። ራሷን ስታ ነቃች» አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት። «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም አባ። ለኮምፒውተር ነው የሞትኩት።»

አባ ይሄ አልገባቸውም፤ የሚጠይቁበትም ጊዜ አልነበረም። ትንሽ አሰቡ። «መርዶ ቀስ በቀስ ነው የሚነገረው። መጀመሪያ ታሟል፣ ከዚያ ብሶበታል፣ ከዚያ ነው ያኛው። እንግዲህ በመጣንበት ነው የምንመለስ» አሉና ገቡ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉ ነገር ይሰማል።

«ወለተ ሐና።»

አባ አጠገቧ ሲቀመጡ ተሰማ።

«ያዩት ሰዎች ከገደል ማዶ ሆነው ነው ያዩት። ፊቱን ያየ የለም።»

«ስሙን ነግረዋቸዋል።» ድምጿ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል።

«ቃሬዛ በሽተኛም ይሸከማል እኮ። ክፉኛ ታሞ ይሆናል።»

ደሳለ ትንፋሹን ያዘ።

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል ነው የሚሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ከላሊበላ የመጣ ሰው አለ። እንዲያውም... ተሽሎታል ይላል።»

«የታለ ሰውየው? ይግባ።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልብሽ...»

«አባ፣ ሲገድሉብኝ እንዲህ ቀስ አላሉም!» ስትነሳ ተሰማ። ሴቶቹ «ኧረ ተይ! ኧረ ያዟት!» አሉ።

ወርቅአገኘሁ ከደሳለ ላይ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ደሳለ ከካቡ ጀርባ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቱ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ደፉ ላይ ወጣች። ግንባሯ ተልጧል። አየችው። ግቢው ሁሉ የሷን ደረት እያየ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል።

«ተራመድ» አለችው።

አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ና።»

ሄደ። አጠገቧ ሲደርስ ሴቶቹን በክርኗ ገፋች፤ ጆሮውን ያዘችና እንደ ልጅነቱ ጠመዘዘችው። «ቃሬዛ ላይ ማን ተኛ አለህ? ሀ? ማን ተኛ አለህ?» እሱ «እማ፣ እማ» ብቻ ይላል። ሰዉ ሳቅም ለቅሶም ሆነበት፤ እልል ያሉም ነበሩ። አባ ስመ እግዚአብሔር ጠርተው «ተመስገን፣ ከሞት መልሶ ሰጠሽ» አሏት።

ወለተ ሐና የደሳለን ጆሮ ለቀቀችና ወደ አባ ዞረች። በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ልምምጥ ነበረበት።

«አባ፣ የምሥጋናውንም ያኔ እንዲህ ነበር የጀመሩልኝ። ታሟል አሉኝ። ቀጥሎ ብሶበታል አሉኝ። እሱንም ፊቱን ያየ የለም። እስኪ እሱንም በዚሁ ይመልሱልኝ።»

እልልታው ቆመ። አባ ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ አዛወሩ። ከግቢው ሰው አንድ የተንቀሳቀሰ የለም። ደሳለ እናቱን አቅፎ ደፉ ላይ አስቀመጣት፤ ያን ጊዜ ነው ለምሥጋናው እንደገና ያለቀሰችው፣ በዝግታ፣ በልጇ ትከሻ ላይ። ማንም አልከለከላትም።

ልቧ ግን ቻለው። ጥቂት ቀን ተኛች፤ ከዚያ ተነስታ ለለቅሶ የመጣው ዳቦ እንዳይበላሽ ጎረቤቱን ጠርታ አበላች።

ምሥራቅ ወሬውን ከሰጠኝ ሰምታ በሳምንቱ መጣች፤ እንባ በእንባ ሆና። ታፈረም አብሮ መጥቶ ነበር፤ ድንጋይ ተሸክሞ ወለተ ሐና እግር ላይ ወደቀ። ምሥራቅ ላፕቶፑን ከፍታ «ሁሉንም ፊታችሁ አጠፋዋለሁ» አለች። የነደሳለን ቀብር አጠፋችው። ማዶ ያሉትን ልታጠፋ ስትል ወለተ ሐና እጇን ያዘቻት።

«እነዚህ ጭራሮዎች እነማን ናቸው?»

«ጎረቤቶችሽ ናቸው እናቴ፤ ደሳለ ሞተ ሲባሉ የሆኑት ነው።»

ወለተ ሐና ተጠግታ አየች። ወገቧን ይዛ የታጠፈችውን፣ ከበው የያዟትን። ብዙ አየች።

«ይሄን ተይው» አለች። «ይሄ ጨዋታ አይደለም። ለልጄ ያለቀሱት ነው።»

ምሥራቅም ተወችው፤ ኮምፒውተሩ ለቅሶን የተማረው ከዚያ ነው ይላል ደሳለ። እሱ አሁንም ባጃጁን ይነዳል። ገበያተኞቹ ሲያገኙት እንደምን ዋልክ ከማለታቸው በፊት ክንዱን ጨበጥ ያደርጉታል።

እኔ ከጨረስኩ እናንተ ቀጥሉ። ከሩቅ የሰው አቋም ብቻ አይታችሁ ልባችሁ የወደቀበት፣ ወይም ሳይሞት የተለቀሰለት የምታውቁት ሰው የለም? ማን ነበር፣ ኋላስ ለቤተሰቡ እንዴት ተነገረ?